ከሞተሩ ቀድሞ የደረሰው ዘፈን

ወንድሜ ዮናስ፣

ማዳመጫህ ተሸነፈ! ለሞተር መንገድ ብለህ የሰጠኸኝ የጆሮ ማዳመጫ ከሻንጣዬ አልወጣም። ወልድያ ላይ ባለሱቁ ጀብሪል አይቶት ሳቀና፣ "ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ የገጠሩ ሰው የሞተር ድምፅ ሲሰማ በሩን ይዘጋል። ለብቻህ ብትሰማ ሰላማዊ ሰው መሆንህን ማን ያውቅልሃል?" አለኝ። ከዚያ ጎማ የለበሰ፣ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ማጫወቻ አወጣ። መልኩ ያስጠላል። ፍላሼን ሰክቶ አስጀመረውና ከደረቱ ከፍታ ሲሚንቶው ላይ ለቀቀው፤ መዝፈኑን አላቋረጠም። እሱን መረጥኩ።

ከመርሳ ወደ ግራና ከተማ ስነዳ ጠጠሩ አንሸራቶኝ ሞተሩም እኔም ማጫወቻውም ተጋደምን። ተነስቼ አቧራዬን ሳራግፍ እሱ አምባሰሉን ያንቆረቁረዋል! ሐዋሳ ሰው እንዳንረብሽ ብለን ጆሯችን ውስጥ እንሰካለን፤ እዚህ ግን ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። የተዘጉት በሮች በየተራ ተከፈቱ፤ ልጆች ከኋላዬ ሮጡ።

ስልክ ከተቋረጠ ወዲህ እናቴ በሕይወት መኖሬን አታውቅም ነበር። ያ አምባሰል ደግሞ ቤት ሳለሁ ጠዋት ማታ እየደጋገምኩ ያሰለቸኋት ዘፈን ነው። ገና የቤታችን መታጠፊያ ላይ ሳልደርስ፣ ፊቴን ሳታይ፣ "ልጄ ዓሪፍ መጣ! አልሐምዱሊላህ!" ብላ እልልታዋን ለቀቀችው።

ቦታ አለቀብኝ። እናትህን እትዬ ብርነሽን ጉልበታቸውን ሳምልኝ፤ እህትህን ኤደንንም ሰላም በልልኝ። ማዳመጫህን እመልስልሃለሁ። ማጫወቻውን ግን እናቴ አልሰጥም ብላኛለች።

ዓሪፍ