እናቴ የተወችልኝ የኅዳር ተራ

እምዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ ብዬ ሳልጠይቅሽ ደብዳቤ መጀመር አልችልበትም፤ መልስ እንደማላገኝ እያወቅሁም ቢሆን። ከተለየሽን ሁለተኛው ክረምት አለፈ። እኔ ደህና ነኝ። ወፍሬአለሁም፤ ብታይኝ ደስ ይልሽ ነበር።

ሼፊልድ ያው እንደነገርኩሽ ናት፣ ዳገት በዳገት፤ ዝናቡም ወቅት አያውቅም። አሁንም የምሠራው እዚያው ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ነው። ልጆቹ ድንች ካልሆነ አፋቸውን አይከፍቱም። አንድ ቀን ሽሮ አስቀምሳቸዋለሁ ብዬ ስዝት አለቃዬ እየሳቀች ትሄዳለች።

ከቤት የሚመጣው ወሬ ደግ ነው። ልጅሽ ሙላት ጓዳውን አፍርሶ አሰፋው፤ ጎተራሽን ግን አልነካም። በርበሬው ዘንድሮ ያዘለት፤ ደጁ ሁሉ ቀይ ሆኖ በስልክ አሳየኝ። ላምሽ ወልዳለች፣ ጥጃዋም ሴት ናት። ከቡሬ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አሁን ባጃጅ ይገባል። አንቺ ስታለከልኪ የኖርሽበትን ዳገት ጓደኞችሽ ተቀምጠው ይወጡታል፤ ዳገቱ አልገፋ ሲል ወርደው የሚገፉበትም ቀን አለ አሉ።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ተዝካርሽ ላይ የማርያም ማኅበርተኞችሽ ሙላትን ለብቻው ጠርተው ቦታሽን ማን እንደሚተካ ጠየቁት። ሚስቱ የራሷ የሚካኤል ማኅበር ስላላት ሁለት ድግስ አይሆንላትም። እሱ ደግሞ በእነዚያ ሁሉ ሴቶች መሐል ምን ብሎ ይቀመጥ? የእኔን ስም ጠራ። ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ባሕር ማዶ ያለ ሰው እንዴት ይደግሳል፣ ጽዋስ እንዴት ይቀበላል፣ ብር መላክ ከሆነ ማንም ይልካል አሉ። እውነታቸውን ነው። አንቺ የኅዳር ተራሽ ሲቃረብ ጌሾውን ራስሽ ትወቅጪ ነበር፤ ቤቱን ከሳምንት በፊት ለቅልቀሽ እንዳንረግጠው ትቆጪን ነበር፤ እኔንም ለዳቦው ኮባ ስታስጠርጊኝ ትውዪ ነበር።

ወሬውን ስሰማ ሥራ ቦታ ድንች እየላጥሁ አለቀስኩ። ቀብርሽ ላይ አልደረስኩም፤ መሬቱን የሚያርሰው ሙላት ነው፤ ያ ቦታ ከተዘጋ እዚያ አገር የእኔ የትርንጎ የሚባል ምንም የማይቀር መሰለኝ።

መላውን ያመጡት የማኅበሩ ታላቅ እትዬ ዘነቡ ናቸው። ጠላውን የሙላት ሚስት ትጥመቅ፤ ዳቦውን ግን ልጅቱ በገዛ እጇ ጋግራ እዚያው ላሉት ጎረቤቶቿ ትቁረስ፤ ይህን አንድ ተራ እንያትና ካልሆነላት እንዘጋዋለን አሉ።

ከዚያማ የሠራሁትን ልንገርሽ። ዱቄት ገዛሁ፣ ጥቁር አዝሙድ አፈላልጌ አገኘሁ፣ ኮባ ከየት ይምጣ ብዬ በመጋገሪያ ወረቀት ጠቀለልኩት። ከሥራ ፈቃድ ወሰድኩ። ኅዳር ሃያ አንድ ብዬ በጠዋት ጋግሬ፣ ነጠላዬን ለብሼ ለሙላት ደወልኩ። ሴቶቹ ገቡ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ዛሬ እኮ ሚካኤል ነው አለኝ፤ ሚስቱም ወደ ማኅበሯ ልትሄድ ተነሥታለች። ለካ ያየሁት ግድግዳዬ ላይ የተሰቀለውን የፈረንጅ ካላንደር ኖሯል! ኖቬምበርን ኅዳር አድርጌ ቆጥሬ፤ በእኛ ገና አሥራ ሁለት ነበር። ደሞዙም የሐኪም ቀጠሮውም በእነሱ ሲቆጠር ኖሮ እኔም ሳላውቀው ከእነሱ ጋር ቆጥሬ አረፍኩት።

ሙላት ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ወሬውንም ቡሬ ገበያ አደረሰው። እኔ ግን ከፋኝ። ቀን የማታውቅ ማኅበርተኛ ማን ይፈልጋል? ዳቦውን መጣል ነውር ስለሆነ ለሚካኤል ብዬ ቆረስኩና ለጎረቤቴ ለማርጋሬት ወሰድኩላት። ባሏ የሞተባት፣ ብቻዋን የምትኖር ባልቴት ናት። በማግስቱ ሳህኔን ባዶውን አልመለሰችም፤ ፖም ሞልታበት መጣች። ማን እንዳስተማራት እንጃ። አንቺ ትወጃት ነበር።

በእውነተኛው ሃያ አንድ ሌላ ዳቦ ጋገርኩ። ሙላት ስልኩን አንቺ ትቀመጪበት በነበረው መደብ ላይ፣ ምሰሶው ሥር፣ ትራስ ደግፎ አቆመው። ቄሱ ባርከው ሲቆርሱ እኔም የኔን ቆረስኩ፤ ማርጋሬትም አጠገቤ እጇን አጣምራ ቆማ ነበር። እትዬ ዘነቡ ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ዳቦውን ገልብጬ እንዳሳያቸው አዘዙኝ። ሥሩ አሯል። ምን ላድርግ፣ አሳየኋቸው። ሴቶቹ ተንሾካሾኩ፤ የሚካኤሉን ወሬ ሰምተው ኖሮ አንዷ ይቺ ልጅ ሁለቱንም ማኅበር ልትጠጣ ነው እንዴ ብላ አሳቀቻቸው። እኔ መሳቅም ፈራሁ። እትዬ ዘነቡ ሁሉንም ዝም አሰኝተው፣

«ትርንጎ ልጄ፣ ኅዳር የእናትሽ ነበር፤ አሁን ያንቺ ነው። ከርሞ ግን ዳቦውን እንዳታሳርሪው» አሉኝ።

እሺ አልኳቸው። ደስ አለኝ፣ እምዬ፤ አንቺ ከሄድሽ ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ለከርሞ ፈቃዴን ከአሁኑ ጠይቄአለሁ። መንገዱ ሰላም ከሆነ መጥቼ ጌሾውን ራሴ እወቅጣለሁ፤ ካልሆነም ከዚሁ እጋግራለሁ። የምምልልሽ ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ በሕይወት እስካለሁ ተራሽን አላሳልፍም፣ ስምሽንም ሳላነሣ ዳቦ አልቆርስም።

የዚያን ዕለት ጽዋው ለታኅሣሥ ባለተራ ተሰጥቶ ሴቶቹ ሲነሡ ስልኩን የሚያጠፋ ሰው አልነበረም፤ ሙላት ረስቶኝ ወጥቷል። እኔም ከዚህ ሆኜ አየኋቸው። አንዳቸውም በቦታሽ ላይ ተረማምደው አላለፉም። ሰው እንደተቀመጠበት ሁሉ እየዞሩ ወጡ።

ልጅሽ ትርንጎ