ዳንቴል የለበሰው የአየር ማጣሪያ

ሰኞ

ባለቤቴ ግርማ ቁርጡን ነገረኝ። እስከ እሁድ ሶልያና ካልተሻላት ሱሉልታ እህቱ ጋ ይወስዳታል፣ እዚያው ትማራለች። «አየሩ ንጹህ ነው» ይላል። ልጄ እኮ ገና ስድስት ዓመቷ ነው! የጫማዋን ክር እንኳ ያለ እኔ አታስርም።

ደግሞ እውነቱን መሆኑ ነው የሚያናድደኝ። እኛ ሰፈር፣ ሰበታ፣ መስኮት ከተከፈተ ጭስ ይገባል። ከተዘጋም የጅማ መንገድ አቧራ በየት በኩል እንደሚገባ እንጃ፣ ጠዋት ጠረጴዛው ላይ በጣት ስም ይጻፋል። ሶልዬ ደግሞ አስም አለባት። ሐኪሟ «መድኃኒቷ እንዳይቋረጥ፤ ከቻላችሁ ለመኝታ ቤቷ የአየር ማጣሪያ ግዙ» ብላናለች። ግዙ ማለት ቀላል ነው። የቱን?

ማክሰኞ

ሱቅ ሄጄ የባሰ ግራ ገብቶኝ መጣሁ።

አንዱ እንፋሎት ያወጣል። ሻጩ «ሲስ፣ ይሄ አሪፍ ነው፣ ሰው ሁሉ የሚወስደው እሱን ነው» አለኝ። ያጣራል ወይ ስለው «ያው አየሩን ያረጥባል» አለ። ማርጠብና ማጣራት መቼ ነው አንድ የሆኑት? ሁለተኛው «አዮን» ይለቃል። አዮን ምንድን ነው? እሱም አያውቅም። ሽታው የፎቶኮፒ ቤት ሽታ ነው። ሦስተኛው ሆዱ ውስጥ እጥፍጥፍ ያለ ወፍራም ወረቀት አለው። ሄፓ ይባላል። ትልቅም ትንሽም አለው። «ክፍልሽ ስንት ካሬ ነው?» አለኝ። የምተኛበትን ቤት ስፋት አላውቅም!

ስመለስ ሜትር ልዋስ አከራያችን ኦቦ ቶሎሳ ጋ ገባሁ። «አካም ጅርታ» ብለው ተቀበሉኝ። ቤቱን ልለካ ነው ስላቸው «ምነው፣ ሰፍቶ ካገኘሽው ኪራይ ልትጨምሪልኝ ነው?» ብለው ሳቁ። እሳቸው ይሳቁ፣ እኔ ልጄ ልትሄድብኝ ነው።

ረቡዕ

ለሐኪሟ ደወልኩ። እንፋሎቱ አያጣራም። አዮን የሚለቀው አንዳንዱ ኦዞን የሚባል ጋዝ ያወጣል፣ ለአስም አይሆንም። «ሄፓ ያለው፣ ለክፍላችሁ ስፋት የሚበቃ ይሁን» አለችኝ። ተመስገን፣ አንድ ሰው በሚገባኝ ቋንቋ ነገረኝ።

ግርማ ገዝቶ አመጣ። እሱው ከካርቶኑ አወጣው፣ ከፍቶ አየው፣ ሰካው። አረንጓዴ መብራት በራ። እማዬ፣ አብራን ነው የምትኖረው፣ ዞር ዞር ብላ አየችውና እንደ ቴሌቪዥኑ ዳንቴል አለበሰችው። «ዕቃ ራቁቱን አይቀመጥም» አለች። አማረበትም።

ሐሙስ

ምንም ለውጥ የለም። ስታስል አደረች።

እኔ መስኮት እዘጋለሁ፣ እማዬ «ታፈንን» ብላ ትከፍታለች። እኔ ማሽኑን ከፍ አደርጋለሁ፣ ግርማ «ጮኸ» ብሎ ዝቅ ያደርገዋል። ተሸወድን? ክፍሉን ተሳስቼ ለካሁት? ሐኪሟ ያለችኝን በትክክል አልሰማሁም? አየሩ የሚወጣው በላይ በኩል መሆኑ ዛሬ ገባኝና ዳንቴሉን አነሳሁት፤ እማዬ ተቀየመችኝ። ሳሉ ግን ያው ነው። የማውቀው ነገር ቢኖር ምንም አለማወቄን ነው።

ከሰዓት ግርማ ለእህቱ ደወለ። «አልጋ አዘጋጂላት» ሲላት ሰማሁ። አልተጣላሁትም። ምን ብዬ?

ዓርብ

የሶልዬን ሹራቦች ሻንጣ ውስጥ ስከት ብሽቅ አልኩ። ይሄ ገተት ማሽን እያጓራ ቆሞ ልጄ ትሂድ? እጄን አፉ ላይ ባደርገው ትንፋሽ የለውም። የኋላ ክዳኑን ከፈትኩ።

ማጣሪያው ከነላስቲኩ ነው! ከፋብሪካ እንደወጣ፣ ጥርቅም ብሎ ታሽጎ ቁጭ ብሏል።

ግርማን ጠራሁት። ሲያየው አንገቱን ደፋ። «ያን ዕለት አይቼዋለሁ። አዲስ ስለሆነ እንዳይቆሽሽ ብዬ ነው የተውኩት» አለ። እንዳይቆሽሽ! መቆሸሽ አይደል እንዴ ሥራው! ልጮህበት አፌን ስከፍት ዓይኔ ሳሎን ሶፋው ላይ አረፈ። ከተገዛ ስንት ዓመቱ፣ እስከ ዛሬ ከነላስቲኩ ነው። ማንም እንዳይነካው ያልኩት ደግሞ እኔ ነኝ። በሳቅ ፍርስ አልኩ፣ ከዚያ ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረብኝ። የማጣሪያውን ላስቲክ በጥርሴ ቀደድኩት።

ቅዳሜ

ተኝታ አደረች። እኔ ነኝ ያልተኛሁት፣ ዝም ስትል ደግሞ እየፈራሁ።

ማሽኑ ነው? ወይስ ትናንት ጭሱ ቀለል ስላለ? ወይስ መድኃኒቷ ገና አሁን ያዘላት? እማዬ «ጸሎቴ ነው» ትላለች። እንጃ። ሹራቦቹን ግን ከሻንጣው አወጣኋቸው። ግርማ አየኝ። ምን እንዳሰበ አላውቅም፣ መጠየቅም ፈራሁ።

እሁድ

ዛሬም ደህና አደረች። ከምሳ በኋላ እህቱ ደወለች። «አልጋውን አንጥፌያለሁ፣ መቼ ነው የምታመጣት?» ስትል ድምጿ እስከ እኔ ይሰማል። ግርማ ሶልዬን አየ፣ እኔን አየ። «ለፋሲካ ሁላችንም እንመጣለን፣ ሰፋ አርገሽ አንጥፊ» አላት።

እንባዬን እንዳያይብኝ ጓዳ ገባሁ። ስመለስ የሶፋውን ላስቲክ እየገሸለጠ ነው።

ሶልዬ አሳለች። ሁለታችንም ባለንበት ቀጥ አልን።

«ትን ብሎኝ ነው» አለች፣ አፏ ብርቱካን ሞልቶ።