የኛን መንገድ የዘለልኩ ቀን

ይድረስ ለምወድህ ታላቅ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ፣ እማዬም ጭምር፣ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን።

የወረዳው ሥራዬ ያው ነው። በመኪና እየዞርኩ ውሃ የሚቋረጥበትን ቀን፣ ቆሻሻ የሚነሳበትን ሰዓት በድምፅ ማጉያ እለፍፋለሁ። ባለፈው ወር ደግሞ በወረዳው አዳራሽ ለአዛውንቶች ነጻ የዓይን ምርመራ ነበር። ድምፄ እስኪዘጋ ለፈፍኩ። የኛ መንገድ ጋ ስንደርስ ግን ሾፌሩን «ይህን መንገድ እለፈው፣ እናቴ ተኝታለች፤ ለሰፈሬ ሰው ማታ ራሴ እነግራለሁ» አልኩት። ማታ ደክሞኝ ገባሁና እንቅልፍ ጣለኝ። በማግስቱም ረሳሁት።

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው «ለአገሩ ሁሉ ስትጮሂ ከርመሽ ለኛ ሲሆን ዝም?» ብሎ ቀለደብኝ። ሳቅኩለት፤ ምን ላድርግ። ሐኪሞቹ ሄደዋል። ተመልሰው እንዲጠሩ አለቃዬን በየቀኑ እጨቀጭቀዋለሁ።

እማዬ አሁንም ልብስ ትጠቅማለች፤ መርፌው ላይ ክር የማስገባላት ግን እኔ ነኝ። «የዘንድሮ ክር አይረባም» ትላለች። አምፖሉንም በትልቅ ቀይሬላታለሁ።

የላክኸው ፎቶ ደርሶናል። እማዬ ብዙ ጊዜ ይዛው ቆየችና «ወፍሯል ወይስ ከስቷል?» ብላ እኔን ጠየቀችኝ። «ወፍሯል» አልኳት። ደስ አላት።

አደራህን፣ ስትመጣ እንደ ድሮህ በሩ ላይ ዝም ብለህ ቆመህ ልታስደንቃት አትሞክር። ገና ከደጅ ጀምረህ ተናገር።

በሰላም ያገናኘን።

እህትህ