በሚስማርህ ላይ የሰቀልኩት ጊታር

ለልጄ ለክሪሳንቶ፣ ማኒላ፤

እንደምን ከርመሃል? እኔ አባትህ አምብሮስዮ ከወገቤ ሕመም በቀር ደህና ነኝ። እናትህም ደህና ናት። የምትጽፍልኝ እህትህ ፐርላ ናት፤ እንደምታውቀው ፊደል አልቆጠርኩም።

ሰሞኑን አንዲት የማኒላ ሴት ጊታር ይዛ ደጄ መጣች። «አባባ፣ የእርስዎ ሥራ ነው፤ ልጅዎ ነው የሸጠልኝ። የአንገቱ ብረቶች፣ ፍሬቶቹ፣ አረንጓዴ ሆኑብኝ፤ ያጽዱልኝ» አለችኝ። ውስጡ የተለጠፈውን ወረቀት ፐርላ አነበበችልኝ። ስሜ ነው።

የአንገቱን እንጨት በፕላስተር ሸፍኜ ብረቶቹን በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ማሸት ስጀምር ጫፋቸው መዳፌን ቆረጠኝ። እኛ የአቡኖ መንደር ጊታር ሠሪዎች የፍሬት ጫፍ በሞረድ ሳናለዝብ፣ መዳፋችንን ከላይ እስከ ታች ሳናንሸራትትበት ጊታር ከቤት አናወጣም። ይህን ያስተማርኩህ እኔ ነኝ።

«አባዬ፣ ይሄ የፋብሪካ አይደል እንዴ?» ብትለኝ ፐርላ፣ «ዝም በይና ጨርቁን አቀብዪኝ» አልኳት።

እስኪያበራ ወለወልኩት። ለሴትዮዋ ግን አልመለስኩላትም። አንተ ስትወለድ ሠርቼ ግድግዳ ላይ የሰቀልኩልህን ጊታር ሰጥቼ ሸኘኋት። የእሷ አሁን በአንተ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል፤ ለበዓሉ ስትመጣ የምትጫወተው እሱን ነው።

እዚያ በፋብሪካ ጊታር ላይ ስሜን የሚለጥፍ ሌባ አለ። ፈልገህ አግኘው፤ ብዙም አትደክምም።

ፐርላ ሰላም ብላሃለች። እናትህ ግን «የልጄ ጊታር የት ሄደ?» እያለች ትጠይቀኛለች፤ የምመልስላትን አንተው ላክልኝ። እስከዚያው ጤናውን ይስጥህ።

አባትህ