መስታወቱ ንጹሕ ነበር

ለእናቴ ልጅ፣ ለታናሽ ወንድሜ፤

እንደምን ሰነበትክልኝ? ወገብህስ? ያ ሲሚንቶ ወለል እንደገና ቀሰቀሰብህ ወይስ ተወት አደረገህ? ባለቤትህ የላከችልህ ወፍራም ብርድ ልብስ ደረሰህ? ልጆችህ ደህና ናቸው። ትልቁ ቁመቱ አንተን ሊያክል ምንም አልቀረው፤ ትንሿ ደግሞ ያንተን ሳቅ ይዛ ቀርታለች። እኔ እንግዲህ «ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ» ማለት ነበረብኝ፤ ደብዳቤ ሁሉ እንደዚያ ይላል። ግን ደህና አይደለሁም። ካሁን ወዲያ ላንተ አልዋሽም።

ጽሕፈቴን አይተህ እንዳትስቅ። ትልቋ ልጄ ወፍራም እስክሪብቶዋን አውሳኝ ነው የምጽፈው፤ አንድ ገጽ ላይ ከስምንት መስመር በላይ አይገባልኝም። አባዬ ማስታወቂያ ነው እንዴ የምትጽፈው አለችኝ። ላንተ ነው ስላት ተጨማሪ ወረቀት አመጣችልኝ። ደብዳቤውን ባለቤትህ በእጇ ታመጣልሃለች፤ አሽጌዋለሁ፣ አታነበውም። አንተም አንብበህ ስትጨርስ ቅደደው።

ዝናቡ ገብቷል። ዶፍ በጣለ ቁጥር ድምፅህ ጆሮዬ ላይ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት አውቶብስ የነዳሁት እኔ፣ መሪ ያስጨበጥኩህም እኔ፤ በዝናብ ማየትን ግን ያስተማርከኝ አንተ መካኒኩ ነህ። የመጥረጊያው ጎማ ጥርስ ካወጣ አትሳሳለት፣ ጣለው ትለኝ ነበር። መስታወቱን ቅባት በነካው ጨርቅ አትወልውለው፤ ደረቅ ሲሆን ያብለጨልጭና አታልሎህ፣ ውሃ ሲያገኘው ወተት ይሆንብሃል። ከውስጥ ሲያልበው በእጅጌህ አትጥረግ፤ ማራገቢያውን ወደ መስታወቱ አዙር፣ መስኮቱን በጣት ያህል ክፈት። ረጅም መብራት አታብራ፤ ጠብታው ራሱ ብርሃኑን ዓይንህ ላይ ይመልሰዋል። የፊተኛው መኪና የሚረጨው ውሃ ውስጥ ገብተህ አትከተል፣ ራቅ በል። ይህ ሁሉ ካልበቃ ጥግ ይዘህ ቁም፤ ተሳፋሪ ቢጮህ ይጩህ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ሁልጊዜ ጣትህን እያወዛወዝክ ከምታየው አልፈህ አትንዳ ትለኛለህ። እኔም ጋራዡ ሁሉ እየሰማ፣ እኔን እኮ ጭልፊት ነው የሚሉኝ፣ አንተ ብሎንህን ፍታ ብዬ ሰው አስቅብህ ነበር። አይ እኔ!

አምና መስታወቱ ይደበዝዝብኝ ጀመረ። ሰደብኩህ። ጎማውን ቀየርክ፤ ሰደብኩህ። የመጥረጊያውን ሞተር ፈትተህ ገጠምክ፣ መስታወቱን በሳሙና ውሃ ሁለት ጊዜ አጠብክ፣ በመጨረሻ ከአለቃ ጋር ተጣልተህ መስታወቱን ራሱን አስቀየርክልኝ፤ አሁንም ሰደብኩህ። አንድ ቀን ጠዋት ይሄ መስታወት ጭጋግ ይዟል ብዬ ስጮህብህ ቀና ብለህ ሰማዩን አየህ። ፀሐይ ነበር። ከዚያ መስታወቱን አየህ፣ ከዚያ እኔን አየኸኝ። ጨርቅህን አውጥተህ ንጹሑን መስታወት ጠረግክልኝና አሁንስ አልከኝ። አሁን ተሻለ አልኩህ። ያን ጠዋት ሁለታችንም አውቀናል፤ ሆድ ይፍጀው ብለን ተለያየን እንጂ።

የመንጃ ፈቃዴ እድሳት ሲደርስ ቤትህ መጥቼ ለመንኩህ። ሦስት ልጅ ይዤ የት ልግባ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩብህ። ያንተ ፈቃድ ሊያልቅ ገና ዓመት ነበረው። አንተ ግን እኔም በዚያው ላሳድስ አልክና ከፊቴ ተሰለፍክ። ከዓይን ምርመራው ክፍል ስትወጣ ለሰላምታ መስለህ እጄን ጨበጥክ፤ በጣትህ የምልክቶቹን አቅጣጫ መዳፌ ላይ ጻፍክልኝ። ቀኝ፣ ላይ፣ ግራ፣ ግራ፣ ታች። ገብቼ ለመርማሪዋ የግድግዳውን ሳይሆን የመዳፌን አነበብኩላት። ጎበዝ አለችኝ። ስወጣ ደስ ብሎኝ ጀርባህን መታ መታ አደረግኩህ፤ አንተ ግን ምሳም አልበላህ።

አደጋው የደረሰ ቀን ጠዋት አዲስ የመጥረጊያ ጎማ ገጠምክልኝ። በነዚህ ዓይኖቼ ባላየውም አጠገብህ ቆሜ ነበር። አሮጌውን በጋዜጣ ጠቅልለህ ለክፉ ቀን ይሆናል ብለህ መቀመጫዬ ሥር ሸጎጥከው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዶፉ ወረደ። መጥረጊያው ምን ይወጣለታል፤ ግራ ቀኝ ሳይታክት ይሠራ ነበር። አንዲት ሴት ቢጫ ላስቲክ ራሷ ላይ ጣል አድርጋ ስታቋርጥ ጋቢና የተቀመጡት ሽማግሌ ከሩቅ አይተዋት ኖሯል። አንተ ሰውዬ ብለው ሲጮሁ እሳቸውን ሰማሁ፤ እሷን አላየኋትም። መስታወቱ ተሰነጣጠቀ፣ መጥረጊያው ተገነጠለ። ሽማግሌው እንዴት ይህን የሚያህል ቢጫ ነገር አይታይህም፣ መስታወቱ ንጹሕ ነው እኮ እያሉ ይጮሁብኝ ነበር። ማንም አልጠየቃቸውም፤ በዚያው ዝናብ ውስጥ ሄዱ። ሟቿ ልብስ ሰፊ ነበረች። የሁለት ልጆች እናት።

ትራፊኩ ምን ሆነህ ነው ሲለኝ አፌ ቀደመኝ፤ መጥረጊያው አልጠርግ አለኝ አልኩ። ችሎት ፊትም ደገምኩት። ውሸቴን ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው ብዬ ማልኩ፤ የሚማልበት ሌላ ነገር የጠፋ ይመስል! ተነስተህ ታስተባብላለህ ብዬ ጠብቄ ነበር። ተመኝቼም ነበር ብልህ ታምነኛለህ? አንተ ግን ጎማው አሮጌ ነበር፣ መቀየር ሲገባኝ አልቀየርኩም አልክ። አንተ ስላመንክ የተሰበረውን መጥረጊያ አንስቶ ያየ ሰው አልነበረም። የሟች እናት ልጄን የገደልክ ልጅህን ቅበር ብላ ስትረግምህ አንገትህን ደፍተህ ሰማሃት። ሦስት ዓመት ሲፈርዱብህም ወደ እኔ ዞር አላልክም። ለምን እንደዚያ እንዳደረግክ የገባኝ ቤቴ ገብቼ እጄን ስታጠብ ነው። መዳፌን አየሁትና ቁጭ አልኩ።

ታዲያ ገብቶኝ ምን አደረግኩ? ወደ መሪዬ ተመለስኩ! ጥፋቱ የመካኒኩ ነው ተብሎ አዲስ አውቶብስ ሰጡኝ። በጋውን ሙሉ ነዳሁ። ልጆችህ ቤት ስሄድ ስኳር ይዤ እሄዳለሁ፤ ባለቤትህ አመሰግናለሁ ትለኛለች። አንድ ጊዜ ልጠይቅህ ስመጣ አሁንም እየነዳህ ነው ወይ አልከኝ። አዎ ስልህ ዓይንህን ጨፈንክ። ከዚያ በኋላ አልመጣሁም፤ ሥራ በዛብኝ ያልኩት ውሸት ነው።

ባለፈው ማክሰኞ በጠራራ ፀሐይ አውቶብሱን ወደ ግቢ ሳስገባ የፊቱ ቆርቆሮ በእጅ ተደበደበ። ፍሬን ያዝኩ። ምን ዓይነት ዕብድ ነው ብዬ እየተሳደብኩ ወረድኩ። ልጄ ናት። የረሳሁትን ምሳ ዕቃ ይዛልኝ መጥታ፣ ፊት ለፊቴ ቆማ እጇን ስታውለበልብልኝ ነበር። አባዬ፣ እያየኸኝ እኮ ነው የመጣህብኝ አለች። በደረቷና በአውቶብሱ መካከል አንድ ክንድ አይሞላም። የእናቴ ልጅ፣ ዝናብ አልነበረም። መስታወቱንም ጠዋት በሳሙና አጥቤዋለሁ። በምን ላመካኝ?

በማግስቱ የዓይን ሐኪም ጋ ሄድኩ። ነርቩ ነው አለችኝ፤ የዓይን ግፊት በልቶታል። የቀረውን እናቆይልዎት ይሆናል እንጂ የጠፋው አይመለስም አለች። ሥራዎ ምንድን ነው ስትለኝ ነገርኳት። የምትጽፍበትን እስክሪብቶ አስቀመጠች። በዚያው ቀን የአውቶብሱን ቁልፍ አስረከብኩ።

ነገ ጠዋት ዐቃቤ ሕጉ ቢሮ እገባለሁ። ጋዜጣውን ከነአሮጌው ጎማ አግኝቼዋለሁ። የተሰበረው አውቶብስ ጋራዡ ጓሮ ቆሞ፣ መቀመጫው ሥር እንደሸጎጥከው ነበር። ጋዜጣው የዚያው ዕለት ነው፣ ቀኑ ተጽፎበታል። ፖሊስ ዘንድ ያለውን መጥረጊያ አውጡና እዩ፣ ጎማው አዲስ ነው እላቸዋለሁ። የሐኪሟንም ወረቀት ይዣለሁ። ከዚያ ወደ ሟች እናት ቤት እሄዳለሁ። ያ እርግማን የኔ ነው፤ አንተ ላይ አድሮ መክረም አልነበረበትም። ለባለቤቴ ትናንት ነገርኳት። እነዚህን ልጆች ምን ላበላቸው ነው ብላ አለቀሰች፤ ከዚያ ተነስታ የነገ ሸሚዜን መተኮስ ጀመረች።

የመዳፌን ነገር ግን አልናገርም። ምርመራውን እንዴት አለፍክ ሲሉኝ፣ ሰልፍ ላይ ከማላውቀው ሰው ጠይቄ ሸምድጄ ነው እላለሁ። ቢጠሩህ እንዳታርመኝ። አፈር ስሆን፣ ይህን አንድ ነገር እሺ በለኝ። ያኔ ዝም ብለህ እስር ቤት ገባህልኝ፤ አሁን ዝም ብለህ ቤትህ ግባልኝ። ጥፋተኛ ነኝ የምትል ከሆነም ከኔ ጋር እንጂ ከነሱ ጋር አትነጋገር።

በል እንግዲህ። ፈጣሪ ወገብህን ያቅናልህ። ልጆችህን ድረህ፣ የልጅ ልጅ አቅፈህ፣ እኔ ባሳፈርኩህ ቦታ ሁሉ ቀና ብለህ እንድትሄድ ያድርግህ። እናታችን ሁለታችሁም ዓይኖቼ ናችሁ ትል ነበር፤ ይህን ሳታይ መሄዷ ተመስገን።

አንተ ስትወጣና እኔ ስገባ አንድ ቀን ይገጥም ይሆናል። በሩ ላይ ብንተላለፍና ሰላም ሳልልህ ባልፍ እንዳትቀየመኝ። ቀድመህ ድምፅህን አሰማኝ፤ እኔ ራሴ ወደ ድምፅህ እመጣለሁ።

ታላቅ ወንድምህ