ለቨርን የሠራሁት ሽጉጥ

ሴፕቴምበር 12፣ ሐሙስ

ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ። ጉልበቴ ዝናቡን ከሬዲዮ ቀድሞ ነገረኝ።

ጋራዥ ገባሁ። የሽጉጡ የላይኛውና የታችኛው ብረት ዛሬም አልተግባቡም። ሁለት ጊዜ በሞረድ መዳሰስ፣ አንድ ጊዜ መሞከር... እስከ ምሳ ድረስ ይኸው ነው። የተቸኮለበት ሽጉጥ እንደ ቆርቆሮ ይንኳኳል። "ብረት ትቀንሳለህ እንጂ አትጨምርም" ይላል ቨርን። ወረቀት ፋብሪካው ጥገና ክፍል የተቀጠርኩ ቀን የነገረኝ የመጀመሪያ ቃል ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሆነው። ሞረድ አያያዝ ያስተማረኝ እሱ፣ መሣሪያ መሥራት ያስለመደኝ እሱ።

ይሄም የሱ ነው። ኖቬምበር 16 ሰባ አምስት ዓመት ይሞላዋል። ዕድሜ ልኩን የሰው መሣሪያ ሲያበጅ ኖሮ ለራሱ አንድም ደህና ሽጉጥ አልሠራም። አሁን እጁ ይንቀጠቀጣል። እኔ እሠራልሃለሁ አልኩት፣ ሚስቱ ሎሬታ ባለችበት። እጀታው ከደጁ ከወደቀው ዋልነት ዛፍ ነው። ግንዱን ራሱ መርጦ፣ ራሱ ቆርጦ አመጣልኝ።

ሴፕቴምበር 21፣ ቅዳሜ

ይህን መጻፍ አልፈለግኩም። ግን ካልጻፍኩት ነገ "አልሆነም" ብዬ ራሴን አታልላለሁ።

ቨርን መጣ። የድሮ ሽጉጡን ይዞ፣ ቃታው ሲሳብ ያለውን ስሜት ከአዲሱ ጋር እንድናስተያይ። ሰጠኝ። ተዘግቶ ነበር።

እኛ ዘንድ ሽጉጥ ተዘግቶ ከእጅ ወደ እጅ አያልፍም። ሰጪው ይከፍታል፣ ባዶነቱን ያሳያል። ተቀባዩ ያያል፣ ከዚያ ትንሿን ጣቱን ይከታል። "ዓይን ይዋሻል፤ ጣትህን ክተት" የቨርን ሕግ ነው። የገዛ ወንድሙን ኦርቪልን እንኳ በዚህ ጥፋት አንድ በጋ ሙሉ ከተኩስ ሜዳው አባሮታል።

እኔ ከፈትኩት። ጥይት ጎርሶ ነበር። ወደቀችና ጠረጴዛው ላይ ተንከባልላ ሞርሳው ሥር ቆመች።

"ይሄ ምንድነው?" አልኩት።

"ጥይት ነዋ።"

"ቨርን፣ ጎርሶ እኮ ነው የሰጠኸኝ።"

"ባዶነቱን አሳይቼሃለሁ።"

"አላሳየኸኝም።"

ሳቀ። "ዓይንህን ታከም አንተ ሽማግሌ። ነገ ደግሞ ስሜን ትረሳለህ።"

ሳቅኩለት። ምን ላድርግ?

ኦክቶበር 4፣ ዓርብ

ዓርብ የዓሣ ጥብስ ቀን ነው፣ እንደ ወትሮው ሦስታችን መጠጥ ቤቱ ጥግ ተቀመጥን። ቨርን ከወንዙ ስላወጣት ስለዚያች ትልቅ ዓሣ ታሪክ አወራ። ሳህኖቹ ሳይመጡ ደግሞ አወራው። ቃል በቃል። ሎሬታ የምታየው እሱን አይደለም፣ እኔን ነው። አውቄ እንደሆነ ልትለይ።

እሱ ሽንት ቤት ሲገባ ወደ መኪናው ወሰደችኝ።

"ሐኪሙ የበሽታውን ስም ነግሮናል" አለች። "እሱ ግን ቤት ውስጥ ስሙ እንዲጠራ አይፈልግም።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከፋሲካ። ምድጃ ለኩሶ ይረሳል። ባለፈው ማክሰኞ ጓዳ ውስጥ አገኘኝና ማነሽ አለኝ። ሌባ መሰልኩት፣ ኤልሮይ። አርባ ዘጠኝ ዓመት አብረን ኖረን..."

"መሣሪያ ይዞ ነበር?"

"የለም፣ እግዜር ጠብቆኝ። ግን የመሣሪያ ካቢኔቱ ቁልፍ አንገቱ ላይ ነው። ሲተኛም አያወልቀውም።" እጄን ያዘችኝ። "ያን ሽጉጥ አትስጠው።"

"ቃል ገብቻለሁ እኮ።"

"አውቃለሁ። እኔም እዚያው ነበርኩ።"

ኦክቶበር 5፣ ቅዳሜ

ጋራዥ አልገባሁም።

ኦክቶበር 16፣ ረቡዕ

በየቀኑ ይደውላል። "ደረሰልህ?" ቁርስ ምን እንደበላ አያውቅም፣ ይህቺን ሽጉጥ ግን አይረሳም። ዛሬ ደግሞ "ከዚያች ሽጉጥ በቀር የምጠብቀው ነገር የለኝም" አለኝ። እንዲያው በጨዋታ መሃል።

የዋልነቱን እጀታ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩ። ዘይት ሲነካው ቀለሙ ወጣ። ቆንጆ ነው፤ ሲያምር ደግሞ ይበልጥ አዘንኩ።

ኦክቶበር 29፣ ማክሰኞ

ለምን አልነግረውም? "ቨርን፣ ታመሃል፣ ሽጉጥ አይሰጥህም።" ስድስት ቃል እንኳ አይሞላም። ስልኩን ሁለቴ አንስቼ አስቀመጥኩ።

ፈሪ ነኝ። ይኸው ጻፍኩት።

ሌላ ዘዴ መጣልኝ። የጥይቷን ቂጥ የምትመታው መርፌ ከሌለች ሽጉጡ ጌጥ ነው። ክብደቱ ያው፣ ድምፁ ያው። ደስ ብሎት ይይዘዋል፣ ማንም አይጎዳም። አያውቅም።

እሱን ላታልል ነው እንግዲህ... ከሱ በተማርኩት ሙያ።

ኖቬምበር 8፣ ዓርብ

አለቀ። ተኩስ ሜዳ ወስጄ ሞከርኩት። አምስት ጥይት፣ አምስቱም የሻይ ስኒ ማስቀመጫ ሳህን በምታህል ቦታ። የላይኛው ብረት ቅቤ ላይ እንደሚሄድ ይንሸራተታል። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ሥራ ሠርቼ አላውቅም፤ ደግሜ የምሠራም አይመስለኝም።

ቤት ገብቼ መርፌዋን አወጣሁ። ሟች ባለቤቴ የልብስ ቁልፍ ታጠራቅምበት የነበረው ጣሳ ውስጥ ከተትኳት።

ኖቬምበር 16፣ ቅዳሜ

ዛሬ የቨርን ልደት ነው።

ሎሬታ ኬክ ጋግራለች። ሦስታችን ብቻ። ሽጉጡን ከሣጥኑ አወጣሁ፣ ከፍቼ ባዶነቱን አሳየሁት፣ ሰጠሁት። እሱም አየ። ትንሿን ጣቱን ከተተ። ሕጉን አልረሳም! ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ ስለ መርፌዋ ለአፍታ ረሳሁ።

ዋልነቱን ደባበሰው። "ይሄ የኔ ዛፍ ነው" አለ። ወደ ኋላ ስቦ ለቀቀው። አንገቱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ። ደግሞ ሳበው። ከዚያ እጁ መንቀጥቀጡን ተወ... በዓይኔ ነው ያየሁት። መነጽሩን እንኳ ሳያደርግ ፈታታው። በደቂቃ ውስጥ። ባዶውን ቀዳዳ በጥፍሩ ነካው።

"መርፌዋ የለችም" አለ። "ረስተሃታል።"

"አዎ" ብል ያልፍ ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ሰውየው እንደ ድሮው አለቃዬ ፊት ለፊት ያየኛል። እንዴት ልዋሸው?

"አልረሳኋትም" አልኩት።

ሎሬታ ኬክ መቁረጡን አቆመች። እሷን አየ፣ እኔን አየ።

"የሁለታችሁ ምክር ነው?"

"የኔ ብቻ ነው።"

"አትዋሽ። አትችልበትም።" የፈታውን ቁራጭ ብረት አንድ በአንድ ፎጣው ላይ ደረደረ። "ጭንቅላቴ እንደሄደ የማላውቅ መሰለህ? አውቃለሁ። ጠዋት ጠዋት አውቃለሁ። አንተ ግን... ሠላሳ ስምንት ዓመት አብረን ሠርተን አፍ አጣህ? ለሞኝ እንደሚሰጥ መጫወቻ ትሰጠኛለህ?"

ተነስቶ ወደ ደጅ ወጣ። እኔም የተፈታውን ሽጉጥ ሰብስቤ፣ ሣጥኑ ውስጥ መልሼ፣ ኬኩን ሳልቀምስ ይዤው ወጣሁ።

ኖቬምበር 17፣ እሑድ

አልደወለም። ሎሬታ ግን ደወለች። ካቢኔቱ ፊት ወንበር ስቦ ተቀምጧል አለች። አይከፍተውም፣ አይነሳምም። ልምጣ? አልኳት። ተወው አለችኝ።

ኖቬምበር 20፣ ረቡዕ

ጠዋት በሦስት ሰዓት የሎሬታ መኪና ደጄ ቆመ። ቨርን ወረደ። የኋላው ወንበር ላይ መሣሪያዎቹ በብርድ ልብስ ተጠቅልለዋል። ሰባት ናቸው። የአባቱ የአጋዘን ጠመንጃም አለ።

ሰላምታ የለም። "ጠረጴዛህን ጥረግ" አለኝ። ጠረግኩ።

አንድ በአንድ ሰጠኝ። ይከፍታል፣ ያሳየኛል። አያለሁ፣ ጣቴን እከታለሁ። ቀጣዩ። ስድስቱን እንዲህ አሳለፍን። ሎሬታ በሩ ላይ ቆማ ታያለች።

ሰባተኛው ያ የድሮ ሽጉጡ ነው። ዘረጋልኝ። ተዘግቷል።

አልተቀበልኩትም። ጠበቅኩ። እጁ እንደተዘረጋ ቀረ። ቀስ ብሎ ሽጉጡን አየው፣ እኔን አየኝ። ገባው። ፊቱ አመድ መሰለ።

"አንተ ክፈተው" አለኝ።

ከፈትኩት። ጎርሶ ነበር። ጥይቷን መዳፌ ላይ አሳየሁት። ዞር ብሎ ሎሬታን አየ፤ ለረጅም ጊዜ። ምን እንዳሰበ አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች።

ቁልፉን ከአንገቱ አወለቀ። በእጄ አስጨብጦ ጣቶቼን ራሱ ከደነ።

"ስማኝ ኤልሮይ። ነገ መጥቼ አምጣ እልሃለሁ። እለምንሃለሁ። እሰድብሃለሁ። ሚስትህንም አንስቼ ልሰድብህ እችላለሁ። እንዳትሰጠኝ።"

"አልሰጥህም።"

"የምናገረው እኔ አይደለሁም ያኔ። እኔ አሁን ያለሁት ነኝ።"

ከሄዱ በኋላ ጋራዡ ውስጥ ተቀምጬ አለቀስኩ። ባለቤቴ ከሞተች ወዲህ አልቅሼ አላውቅም ነበር።

ኖቬምበር 23፣ ቅዳሜ

የአጋዘን አደን ዛሬ ተከፈተ። ከሩቅ ይተኮሳል። በሠላሳ ስምንት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለታችንም ጫካ የለንም።

ሎሬታ አመጣችው። ገና ከመግባቱ "ቁልፌን አምጣ" አለኝ። የለኝም አልኩት። ሌባ አለኝ። ስለ ባለቤቴም ተናገረ፣ እንዳለውም። ከንፈሬን ነክሼ ቆምኩ። ሎሬታ ጣልቃ ልትገባ ስትል በእጄ ከለከልኳት።

ሲደክመው ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። አዲሱን ሽጉጥ፣ የሱን፣ ከሣጥኑ አወጣሁለት። ከፍቼ ሰጠሁት። ጨርቅና ዘይትም አቀረብኩ። አየ፣ ጣቱን ከተተ፣ ይወለውል ጀመር። እጁ አልተንቀጠቀጠም። አንድ ሰዓት ያህል እንዲያ ቆየን፤ እኔ ሞረዶቼን አጸዳለሁ፣ እሱ ይወለውላል።

"ጥሩ ሥራ ነው" አለ በመጨረሻ። "ማነው የሠራው?"

"አንተ ያስተማርከው ሰው ነው።"

ፈታታው፣ ቀዳዳዋን በጥፍሩ ነካ።

"መርፌዋን ግን ረስቷል።"

"አዎ" አልኩት። "ረስቷል።"

"ንገረው" አለኝና መወልወሉን ቀጠለ።