አራት ስም ነው

ኅዳር 4

ትንታኔውን አስረከብኩ።

ሥራ አስኪያጁ ቆሞ አገላበጠው። የሸሚዝ ፋብሪካው ባለቤት አራት የስፌት አዳራሽ በዝቶበታል፤ አንዱ ይዘጋል። የትኛው? ነጋዴ የሚመልሰው ሸሚዝ የበዛበት። ጥፋቱ የጨርቁ ነው፣ የማሽኑ ነው ወይስ የአዳራሹ? ያንን በሪግሬሽን፣ የእያንዳንዱን ድርሻ ለብቻ በሚያወጣው ስሌት፣ መለየት የእኔ ፋንታ ነበር።

"ደሚ ነው ደመኛ፣ የሚሉት ነገር አለ አሉ። አያስፈልገንም?" አለኝ። ደሚ ቫሪያብል የሚባለውን ማለቱ ነው፤ የሆነ ሥልጠና ላይ ሰምቶ ነው።

"አያስፈልግም አለቃ።"

ሳቅን። ያስፈልግ ነበር? ያን ሰዓት ወደ ቤቴ መሄድ ነበር የፈለግኩት።

ውጤቱ፦ የአዳራሹ ቁጥር ከፍ ባለ መጠን ተመላሹ ይጨምራል። ስለዚህ የሚዘጋው አራት።

ኅዳር 6

ለአዳራሽ አራት ሴቶች መዘጋቱ ተነገራቸው።

ደረጃው ላይ ሳቂታዋን አገኘኋት። የአራቷን። ስሟን ጠይቄያት አላውቅም፤ ሁሌ ስለምትስቅ እኔው ያወጣሁላት ነው። ዛሬም ሳቀች።

"ባለ ቁጥር! አስወጣኸን አይደል?"

"እኔ ምን አደረግኩ?"

"አንተማ ምን ታደርግ። ኮምፒውተሩ ነው እንጂ።"

አሽሙር ነው? አይመስለኝም። ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 9

ለባለቤቱ የሚታይ ግራፍ ሥራ ተባልኩ። የጨርቁንና የማሽኑን ድርሻ ቀንሼ አዳራሾቹን በነጥብ አስቀመጥኩ። በላዩ ላይ የእኔን መስመር አሰመርኩ። መስመሩ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ነጥቦቹ ግን... አንድ ታች። ሁለት ታች። አራትም ታች። ሦስት ብቻዋን ጣሪያ ነክታለች።

በር ላይ የተቀባውን ቁጥር እንዳለ ነበር ያስገባሁት። 1፣ 2፣ 3፣ 4። ስም ነው እንጂ መጠን አይደለም። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ፣ ግራጫ ተብለው ቢጠሩም ያው ነበሩ። ኮምፒውተሩ ምን ያውቃል? አራት ከሦስት ይበልጣል ብሎ ሁሉንም በአንድ መስመር ጎተታቸው። የሦስትን ጥፋት ወደ አራት ገፋው።

ኮምፒውተሩ ነው እንጂ... ነው እንዴ?

ኅዳር 10

በደሚ ደገምኩት። ለሁለት፣ ለሦስት፣ ለአራት የየራሳቸው ዓምድ። ሸሚዙ እዚያ ከተሰፋ 1፣ ካልተሰፋ 0። አዳራሽ አንድ የራሷ ዓምድ የላትም፤ መለኪያ ናት፣ ሌሎቹ ከእሷ ጋር ነው የሚነጻጸሩት። ከምሳ በፊት አለቀ። ይህችን ለመሥራት ነው የሰነፍኩት።

አራት ከአንድ አትለይም። ተመላሽ የበዛባት በጨርቁ ነው፤ ቀጭኑን፣ ከእጅ የሚያመልጠውን ጨርቅ ሁሌ ለእነሱ ነው የሚሰጡት። ጥፋቱ ያለው ሦስት ጋ ነው።

የሦስት አለቃ እትዬ ናት። እህቴ። እዚህ ያስቀጠረችኝ፣ ቤቷ ያስጠጋችኝ።

ፋይሉን ዘጋሁት። ላጥፋው? አላጠፋሁትም።

ኅዳር 12

እራት ላይ።

"የአራት ልጆች አሳዘኑኝ" አለች እትዬ። "ግን ቁጥር ነው፣ ምን ይደረጋል። አንተ ደግሞ ብላ እንጂ!"

"በላሁ እኮ።"

"በላሁ! ሳህኑ ሙሉ ነው፣ ማን በላልህ?"

"እትዬ... ሦስት ውስጥ የመጨረሻውን ፍተሻ ትሠራላችሁ?"

ማንኪያዋን አስቀመጠች።

"ማን ነገረህ?"

"ቁጥሩ።"

ከዚያ ቀስ ብላ፦ "ሴቶቹ ልጅ አላቸው። አውቶቡስ ያመልጣቸዋል። ፍተሻውን ትቼ በጊዜ እለቃቸዋለሁ። አንድ ሁለት ቁልፍ ቢላቀቅ ምን ይመጣል ብዬ..."

ምን እንደመጣ ሁለታችንም ገባን።

"ንገር አልልህም" አለች። "አትንገርም አልልህም።" ተነስታ ሳህኖቹን ማጠብ ጀመረች። የእኔን፣ ሙሉውን ጭምር።

ደሚ ነው ደመኛ... አሁን አያስቅም።

ኅዳር 13

ለሥራ አስኪያጁ አልነገርኩትም።

ኅዳር 14

ዛሬም።

ሥራ አስኪያጁ ትከሻዬን መታ መታ አደረገ። "ግልጽ ያለ ሥራ ነው፣ ባለቤቱ ወዶታል።" አመሰግናለሁ አልኩ። አፌ ነው ያለው።

የሰጠሁት ግራፍ ላይ ነጥቦቹ የሉም። አጥፍቻቸዋለሁ። መስመሩ ብቻ ነው ያለው። የመጀመሪያው ስንፍና ነበር። ይሄኛውስ ምን ይባላል?

ኅዳር 17

የአራት የመጨረሻ ቀን።

እትዬ ጠዋት የሥራ ጫማዋን ሰጠችኝ። ሶሉ ለቋል። "ዛሬ አሰፋልኝ፤ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የምውለው።" በር ላይ ስደርስ ጠራችኝ።

"አንተ!"

"አቤት?"

"ትናንት ፍተሻውን መለስኩት። ሴቶቹ አኮረፉኝ።"

ሌላ ምንም አላለችም።

አሁን ጫማ ሰፊው አግዳሚ ላይ ነኝ፣ ከፋብሪካው በር ማዶ። ሙጫው እስኪደርቅ ጠብቅ ብሎኛል። የአዳራሽ አራት ሴቶች እየወጡ ነው። መቀስ የየራሳቸው ነው፤ በጨርቅ ጠቅልለው ይዘዋል። ሳቂታዋ መጨረሻ ወጣች። አየችኝና ተሻገረች።

"ባለ ቁጥር! የማንን ጫማ ነው የምትጠብቀው?"

"የእህቴን።"

"የሦስቷን አለቃ? ምን የመሰለች ሴት! በል ሰላም በልልኝ።"

"ማን ልበላት?"

ስሟን ነገረችኝ። ሳቀችና ሄደች።

ስሟን እዚህ አልጽፈውም። መጀመሪያ ሌላ ቦታ ልናገረው።

የሥራ አስኪያጁ መኪና ገና ግቢ ውስጥ ናት። ፋይሉ ፍላሽ ላይ ነው፤ ፍላሹ ኪሴ ውስጥ። አራት ጥፋት እንደሌለባት፣ የሦስትም ጥፋት አንድ የተተወ ፍተሻ እንደሆነ፣ እንደተመለሰም እነግረዋለሁ። ይሰማኛል? ካልሰማስ፣ እትዬን ምን እላታለሁ?

ቆሜ ነው የምጽፈው። ጫማ ሰፊው ቀና ብሎ ያየኛል።

"ወንድም፣ አንዱ እግር ገና ነው እኮ። ወዴት ነው?"

መጣሁ አልኩት።